ስድስተኛው ክፍል

ግላስጎው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ላይ ዝናብ፣
ጠረጴዛው ሞልቶ በካርታ፣ በሒሳብ፣
አምስቱ ተቀርጾ ስድስተኛው ቀርቶ፣
አንድ ክፍል ጎድሎን፣ ስፖንሰሩ ሰልችቶ፣
ጎልፍ ፍለጋ ዓለምን የምንዞር ሰዎች
ተቀምጠን ነበር እንደ ተጣላ ዕድርተኞች።

ኢሽቤል፣ አዘጋጇ፣ እርሳሷን ነክሳ፣
የሰነበተውን ክርክር ቀስቅሳ፣
«ሰው የሚያየው» አለች፣ «የሚያውቀውን ቦታ፣
የባሕሩን ዳርቻ፣ የአሸዋውን ተርታ፣
የድንጋይ ድልድዩን፣ የክለብ ቤቱን ሰዓት፣
አባቱ ጣቱን ቀስሮ ያሳየውን በልጅነት።
ያየውን ሲያይ ነው የሰው ልብ የሚያርፈው፤
አዲስ ነገርማ ጣቢያ ነው የሚያስቀይረው።»

ታቪሽ፣ ካሜራ ያዡ፣ ካርታውን አዙሮ
በአውስትራሊያ ሆድ ላይ ጣቱን ሰንቅሮ፣
«እዚህ ሣር የለም» አለ፣ «ለመድኃኒት እንኳ።
ኳስ ሲያርፍበት ሜዳው እንደ በር የሚንኳኳ።
ጉድጓዱ ዙሪያ አሸዋ ነው፣ የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ
ጠቁሮ የተኛ፣ እንደ አሮጌ ውሻ፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ።
ተጫዋቹ ሁለት መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ ሣር ይዞ ይዞራል፤
አንጥፎ ይመታል፣ መትቶ ይጠቀልላል።»

እኔን የጠየቀኝ የለም። ድምፅ ቀራጭ ነኝ።
ማይክ ዘርግቼ ዝም ማለት ነው የሚያኖረኝ።
ግን ልቤ ከታቪሽ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፤
የዚያ ባሕር ዳር ነፋስ መዝገብ አለው፣ ቁጥር፤
ዐሥራ አንድ ጊዜ ቀድቼዋለሁ፤
ሳልሄድም ከመሳቢያ እንደ ክር እስበዋለሁ።

ነገሩን የፈታው ጥበብ አልነበረም፤
ክለቡ ዋጋ ሰቀለ፣ ኪሳችን አልቻለም።

ሁለት ቀን በረራ፣ አንድ ቀን በመኪና፣
ቀይ አፈር፣ ቀይ አቧራ፣ ቀይ ሰማይ፣ ቀይ ጎዳና፣
ከዚያ ቤሪል፣ ብቻዋን፣ በሰባ አንድ ዓመቷ፣
ዝንብ እንደ ኑግ ተበትኖ በኮፍያዋ፣ በአንገቷ፣
ዘይት የጠጣውን አሸዋ በብረት ትልጋለች፣
«ጫማህን ጥረግ!» ብላ ታቪሽን ትቆጣለች፣
ሳሎኗን በጭቃ እንደ ረገጠባት እንግዳ።
ኢሽቤል ጠየቀች፦ «እንዴት ነው ግን፣ በዚህ ምድረ በዳ?»
«ምኑ?» አለች ቤሪል። «ምኑ ነው እንዴት የሚያሰኘው?
ክላይቭ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በትራክተር የደለደለው፣
እኔ አርባ ዓመት ጠዋት ጠዋት የምጠርገው።
እንግዳው እናንተ ናችሁ፤ እኔማ ቤቴ ነው።»

ኢሽቤል ደብተሯን ዘጋች። ጥያቄዎቿ ሁሉ
ከግላስጎው የመጡ፣ እዚህ ያልበቀሉ።

ምሽት ላይ፣ ቀረጻው ሲያልቅ፣ ወደ እኔ መጣች፣
«ጆሮህ ላይ ያለው ምንድን ነው? እስኪ ላድምጥ» አለች።
ባሕር አይታ አታውቅም። «አለህ?» አለችኝ፣ «ባሕር?»
ከጎረቤት እንደሚለመን አንድ ጭልፋ ስኳር።
ሰባተኛውን ቅጂ ከፈትኩላት፤
ያን የሰለቸኝን ነፋስ፣ ያን ማዕበል ሰጠኋት።

ዓይኖቿን ጨፈነች። ሽፋሽፍቷ አቧራ አዝሏል።
ታቪሽ መብራት አጠፋ። ዝንቡ እንኳ ዝም ብሏል።
ቆየች። ከዚያ፦ «ማነው እዚህ ውስጥ የሚያስለው?»
«ማንም።» «ሰው አለ እንጂ። ስማ። አሁንም፣ ይኸው።»

ማዳመጫውን ተቀበልኳት። ከማዕበሉ ሥር፣ ከነፋሱ ኋላ፣
ቀጭን የሽማግሌ ሳል፣ አንዴ፣ ቆይቶም ሌላ።
ዱጋልድ ነው። ኳስ ለቃሚው። ቁጥቋጦ ሥር የጠፋ
ኳስ በከረጢት የሚሰበስብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሲያካፋ።
ከዐሥሩ ቅጂ ሳሉን በጥንቃቄ ቆርጬ አውጥቻለሁ፣
ከሰባተኛው አምልጦኝ ኖሯል። ፊቱን ግን፣ የትኛው ቀን አይቻለሁ?

«ደኅና ነው?» አለች ቤሪል። «የሳንባ ነው፣ ይመስላል።»
«አላውቅም» አልኳት። ኢሽቤል ከመኪናው ጥሩንባ ነፋች፣ መሽቷል።

ክፍሉ ተላለፈ በኋላ። ሰው ወዶታል ይባላል።
የኔ ትኬት ለሰኞ ነው። ባቡሩ ማለዳ ይነሣል፣
ወደዚያው ወደ ድልድዩ፣ ወደ ለመድነው ባሕር።
ማይኬን ቤት ትቻለሁ። ኪሴ ውስጥ፣
ካገኘሁት፣
አንድ ብልቃጥ ማር።